ስለ ማሽላ ትንኝና ዘርን በአንድ ወራት ስለ መዝራት

በቦንጋ ዙሪያ ባለው ደን የሚያልፍ መንገደኛ የዛፉን ቅጠል ገልብጦ ቢመለከት፥ ብዙ ጊዜ እንደ ብጉር ያበጠ ነገር ያገኛል። ይህ እባጭ የዛፉ በሽታ ብቻ ይመስላል እንጂ በውስጡ ማደሪያ አበጅቶ የሚኖር ትል ሊኖርበት ይችላል። እናቲቱ ትንኝ እንቍላሏን በተክሉ ላይ ትጥላለች፤ ትሉም በተፈለፈለ ጊዜ ተክሉ ያብጥና ለትሉ ምግብም መጠለያም ይሆነዋል። የነፍሳትን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዚህ የትንኝ ወገን ከ6000 የሚበልጡትን ለይተው ስም አውጥተውላቸዋል። አብዛኞቹም ከአንድ ተክል ወይም ከተክሉ የቅርብ ዘመዶች በቀር ሌላ አይነኩም።

ስለዚህ የአገር ገዢና የወረዳ ሹም አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር፥ እባጭ ሁሉ ጠላት አለመሆኑን ነው። የሾላን ነገር መመልከት ይበቃል። እጅግ ጥቃቅን የሆነች ተርብ ወደ ሾላው ፍሬ ውስጥ ገብታ ከአበቦቹ በአንዳንዶቹ እንቍላሏን ትጥላለች፤ እነዚያም አበቦች ያብጣሉ። ነገር ግን ያችው ተርብ ከሌላ ሾላ ይዛ የመጣችውን የአበባ ዱቄት ለቀሩት አበቦች ስለምታደርስ፥ ያለ እርሷ ሾላ ዘር አይዝም። እንግዲህ የካፋ ምድር በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ከተመዘገበ ወዲህ፥ እባጭ ታየበት ተብሎ ዛፍ እንዲቈረጥ ወይም መድኃኒት እንዲረጭበት ማዘዝ ሳይመረምሩ መፍረድ ነው።

ከዚሁ ወገን ሆና ግን በእውነት የምትጎዳ አንዲት ትንኝ አለች፤ እርሷም የማሽላ ትንኝ ናት። ማሽላ በሚበቅልበት በአብዛኛው ዓለም ትገኛለች። መልኳ ብርቱካን የሚመስል፥ ለዓይን የማትሞላ ናት። ዕድሜዋም ከአንድ ቀን እምብዛም አያልፍም። በዚያች ቀን ግን ማሽላው ሲያብብ በማለዳ መጥታ እንቍላሏን በአበባው ገለፈት ውስጥ ታኖራለች። ትሉ እንደ ዘመዶቹ እባጭ አያበቅልም፤ ፍሬ ሊሆን የተዘጋጀውን ለጋ እንቡጥ ይመጠዋል እንጂ። አንድ ትል አንድ ፍሬ ለማጥፋት ይበቃል። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ አዲስ ትንኝ ሆኖ ይወጣና ገና ወደሚያብበው ማሳ ይሻገራል።

የጉዳቱ ክፋት ይህ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሳያውቀው መፈጸሙም ነው እንጂ። ዛላው ቁመቱና መልኩ ሳይለወጥ ውስጡ ገለባ ሆኖ ይቀራል። አራሹ ዝናም አበላሸው ይላል፤ ሹሙ ደግሞ አራሹ ሰነፍ ነው ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እውነቱን ለማወቅ ትልቅ ምርመራ አያስፈልግም። ካበበ ጥቂት ቀን ያለፈውን ዛላ ቆርጦ ገለፈቱን በሁለት ጣት መጭመቅ ነው፤ ቀይ ወይም ብርቱካን መልክ ያለው ፈሳሽ ቢወጣ ትሉ በውስጡ አለ። ደግሞም ከገለፈቱ ጫፍ ነጭና ባዶ የሆነ ስስ ልባስ ተንጠልጥሎ ቢገኝ፥ ትንኟ ወጥታ ሄዳለች ማለት ነው። ሳይመረምር ድኻውን በስንፍና የሚወቅስ ሹም ጉዳቱን በጉዳት ላይ ይጨምራል።

አሁን ዋናው ነገር ይህ ነው። ትንኟ አስቀድሞ በተዘራው ማሳ ላይ ጥቂት ሆና ትጀምራለች፤ በዚያ ተባዝታ ዘግይቶ በሚያብበው ማሳ ላይ በብዛት ትወርዳለች። ዘግይቶ የሚዘራውስ ማን ነው? በሬ የሌለው፥ ጎረቤቱ አርሶ እስኪጨርስ ተራውን የሚጠብቅ፥ ባሏ የሞተባት ሴትና አቅመ ደካማው ነው። ስለዚህ የባለ ጠጋው ማሳ ሲድን የድኻው ገለባ ይሆናል። እንሰት በማይለማበት ቆላ ላይ ይህ ሲሆን፥ ማሽላው የጠፋበት ቤተ ሰብ ሌላ መጠጊያ የለውም።

መድኃኒት ይረጭ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ትሉ በገለፈቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር የሚረጨው አይደርሰውም፤ ትንኟን ለመያዝም በሚያብብበት ወራት ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የአራሹን ገንዘብ ይጨርሳል፤ ትሉን የሚገድሉትን ሌሎች ጥቃቅን ተርቦችም ይፈጃል። የካፋ ሰው በዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ከማሩ የሚጠቀም ስለ ሆነ፥ ንቡን መግደል ሌላ ድህነት መጥራት ነው።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ጎረቤታሞች ማሳዎች በአንድ ሰሞን እንዲያብቡ ማድረግ ነው። ይህ ለአንድ አራሽ የማይቻል፥ ለሹም ግን የሚቻል ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የዚህችው ወገን የሆነች ሌላ ትንኝ ስንዴውን ስትፈጅ፥ ከጊዜ በኋላ ካገኟቸው መከላከያዎች አንዱ ትንኟ የምታልፍበትን ወራት ለይቶ የመዝሪያውን ቀን ለገበሬው ማስታወቅ ነበር።

የካፋ ምድር አንድ ዓይነት አይደለም የሚል ቢኖር፥ እውነቱን ነው። በኦሞ ወንዝ በኩል ካለው ቆላ ጀምሮ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር እስከሚበልጠው ደጋ ድረስ ለሁሉ አንድ ቀን መቍረጥ ስሕተት ይሆናል። ስለዚህ ቀኑ በየቀበሌው፥ ሽማግሎችና ልምድ ያላቸው አራሾች ተሰብስበው ይወሰን። አራሹም የአባቱን ዘር እንዲጥል አይገደድ፤ ቶሎ የማይደርሰው ዘር አስቀድሞ፥ ቶሎ የሚደርሰው ዘግየት ብሎ ቢዘራ ሁለቱ አብረው ያብባሉ።

ከዚህም ጋራ ሰፊ ማሳና ብዙ በሬ ያላቸው ሰዎች የራሳቸውን ከመጨረሳቸው አስቀድመው፥ በሬ ለሌለው በደቦ እንዲያርሱለት ሹሙ ይምከር፤ እርሱም ራሱ ምሳሌ ይሁን። ይህን ማድረግ ምጽዋት ብቻ አይደለም። ዘንድሮ በድኻው ማሳ ላይ የተባዛችው ትንኝ ለከርሞ በገለፈቱ ውስጥ አድራ ወደ ባለ ጠጋው ትመለሳለችና። ትሉ በደረቀ ገለፈት ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ስለሚችል፥ ከአውድማው የቀረው እብቅ ይቃጠል ወይም ለከብት ይሰጥ፤ በዳር የሚበቅለው የዱር ማሽላና ከአጨዳ በኋላ የሚያቈጠቍጠውም ሳያብብ ይነቀል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ይህ ሥራ በመዝሪያው ወራት ከተደረገ ወጪው ጥቂት ነው። ሹም የሚመሰገነው በመከር ጊዜ የጠፋውን እህል በመቍጠር ሳይሆን፥ ሊጠፋ የነበረውን በጊዜው በማዳን ነው።