«የእኛ ውሻ አይነክስም» ለምትሉ ወላጆች

በቢቸናም ሆነ በሞጣ በብዙ ግቢ ያለው ውሻ ከዚህም ከዚያም የተዳቀለ ነው። ዝርያው አያስጨንቃችሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሰንሰለቱ ነው። «ክፉ ይሁን» ተብሎ ቀን ከሌት ታስሮ ያደገ ውሻ ሌባውን ከልጃችሁ አይለይም። አጥር ካላችሁ ግቢ ውስጥ ፍቱት፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ ልጆች እናንተ ባላችሁበት ይልመዱት። ሲበላ ግን አይንኩት። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡት፤ በየዓመቱም ድገሙለት።

ጸባዩ ድንገት ከተለወጠ ተጠንቀቁ። የሚያብደው ለሃጩን እያዝረከረከ ያገኘውን የሚናከሰው ብቻ አይደለም። ዝም ብሎ ጥግ የሚደበቅ፣ መዋጥ ያቃተውም አለ። «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ!

ልጅ ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት። በርበሬም ቡናም አታድርጉበት። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ጠበሉን አልቃወምም፤ ግን ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለንም። ውሻው ጤነኛ ከመሰለ አትግደሉት፤ ዘግታችሁ 10 ቀን ተከታተሉት። የልጁን ክትባት ለማስጀመር ግን እነዚያን 10 ቀናት አትጠብቁ።