የአሸንድዬ ሰሞንና ሴት ልጃችሁ

ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በየቤታችን ሥራው ይበዛል እንጂ አይቀንስም። ወራቱ ክረምት በመሆኑ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። እናት ወደ ቢሮዋ ወይም ወደ ፋብሪካዋ ስትሄድ ወጡን የምታማስለው፣ ሕፃኑን የምታዝለው፣ ዕቃውን የምታጥበው ትልቋ ሴት ልጅ ናት። ታዲያ ይህችው ልጅ «እማዬ፣ ከጓደኞቼ ጋር አሸንድዬ ልጫወት?» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?

መልስ ከመስጠታችሁ በፊት የላስታ እናቶችን ልማድ ልብ በሉ። አሸንድዬ በላሊበላና በአካባቢዋ ገጠሮች ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለቀናት የሚቆይ የልጃገረዶች ጨዋታ ነው። በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይሉታል። ስሙ ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ ከሚያስሩት ረዥም ለምለም ሣር የመጣ ነው። አመጣጡን አንዳንዶች ከእመቤታችን ዕርገት፣ ሌሎች ከጥፋት ውኃ መጉደል ወይም ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋር ያያይዙታል። ክርክሩን ለሊቃውንቱ እንተወው።

እኛን የሚመለከተን የእናቲቱ ድርሻ ነው። ጥልፍ ቀሚሱን አጥባ የምታዘጋጀው፣ ሹሩባውን የምትሠራው፣ ቅቤውን የምትቀባው፣ ኩሉንና ድሪውን የምታቀርበው እርሷ ናት። ቀኑ ሲደርስ ደግሞ እንስራውንና ምጣዱን ከልጅዋ ትረከባለች። ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር ከበሮ ይዛ፣ በየደጁ እየዘፈነችና እየመረቀች፣ የተሰጣትን እየተቀበለች ትውላለች። በዓመት ውስጥ «የት ነበርሽ?» ሳትባል የምትውልባቸው ቀናት ቢኖሩ እነዚህ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ላሊበላ በጦርነት ውስጥ ሆና ነሐሴን ስትቀበል ልጃገረዶቿ ያጡት ይህንን ነበር።

እውነቱን ለመናገር የቀድሞው ጨዋታ የሚያሳስብ ጎንም ነበረው። ለጋብቻ መተያያም ስለ ነበር ከበዓሉ ማግሥት ሽማግሌ የሚላክባት ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋን የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላት እንዳታገባ ስለሚከለክል፣ ልጅቱ ዘፍና ወደ ደብተሯ ትመለስ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዓሉ በአዲስ አበባም በአደባባይና በአዳራሽ ይከበራል፤ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ትልልቆቹ መድረኩን ይዘው ትንንሾቹ ወንበር ላይ ተመልካች ሆነው ከተቀመጡ የማን በዓል ሊባል ነው? ደግሞስ ለአንድ ቀን ፎቶግራፍ ብሎ የወር ደመወዝ የሚያናጋ ቀሚስ መግዛት ምን ይባላል? የአምናው ቀሚስ ታጥቦና ተተኩሶ ይበቃል። ላስታ ውስጥ ጌጥ የሌላት ልጅ ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ተውሳ ብትወጣ ነውር የለውም።

ስለዚህ እናቶች፣ ለእነዚያ ጥቂት ቀናት ሥራውን አስቀድማችሁ ተከፋፈሉት። ወንድሟ ሰሐን ያጥባል፤ አባትዬውም ሕፃኑን ቢይዝ እጁ አይሰበርም። የሰፈሩ ልጆች በቡድን ይውጡ፤ አመሻሹ ላይ ወደየቤታቸው የሚያደርሳቸው አንድ የታወቀ ዐዋቂ ይኑር። ከበሮ ይዘው ደጃችሁ ሲቆሙም ሳንቲም ወርውራችሁ በሩን አትዝጉ፤ ዘፈኑን እስኪጨርሱ ቁሙላቸው፣ ከዳቦው ቆርሳችሁ ስጧቸው።