የሰው ኮት አያደምቅም

ሰሞኑን በየዶርሙ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ለፎቶው ምን ልልበስ?» የምረቃ መጽሔት ኮሚቴያችን «ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝና ከረባት» ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። ያው ፎቶ ነገ ከሥራ ማመልከቻ ጋር መያያዙ አይቀርም። ኮት ያለው ተዝናንቷል፣ የሌለው አበዳሪ ፍለጋ ላይ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ የምለው ስላለኝ ብዕሬን አነሳሁ።

ዓምና ለተግባር ልምምድ ጉርድ ፎቶ አምጡ ተባልንና ወደ አንድ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ከበሩ ኋላ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ለመጣው ሁሉ የሚያገለግል እሱ ነው። ከረባቱም አስቀድሞ የታሰረ፣ በላስቲክ አንገት ላይ የሚጠለቅ ነው። ኮቱ ሁለት እኔን ይይዛል። ፎቶ አንሺው ግን አልተቸገረም፤ ከጀርባዬ ሰብስቦ በልብስ መቆንጠጫ ያዘልኝና «አይዞህ፣ የሚታየው የፊቱ ብቻ ነው» አለኝ። ነጩን ሸሚዝ የዶርም ጓደኛዬ ነው ያዋሰኝ።

ፎቶው ሲታጠብ ሸሚዙ ያበራል፣ ፊቴ ግን ጠቁሮ ዓይኔ እንኳ በቅጡ አይለይም። አንዱን ለእናቴ ላክሁላት። «አማረብህ» ትላለች ብዬ ስጠብቅ በስልክ «ልጄ፣ ኮቱ የማነው?» አለችኝ። የተዋስኩት ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ዕቁቡ ሲደርሰኝ እገዛልሃለሁ» አለች። የዚያ ዕቁብ ገንዘብ የታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ወጪ መሆኑን አውቃለሁ። እንግዲህ ያን ቀን ነው ይህ የኮት ነገር ቀልድ አለመሆኑ የገባኝ።

ለመሆኑ ጥቁር ኮትና ነጭ ሸሚዝ ለፎቶ ይበጃል ያለን ማነው? ካሜራ በራሱ ሲሠራ ብርሃኑን የሚመጥነው ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ነው። ደማቅ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ያኔ ጠይም ፊት ይጨልማል። ጎበዝ ባለሙያ ያስተካክለዋል፣ ሁሉም ግን አያስተካክልም። ደግሞ ታሪክም አለው። በፊልም ዘመን የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሺርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። መለኪያው ሲሠራ የእኛ ፊት አልታሰበም ማለት ነው። ታዲያ እኛ ለምን ለፊታችን የማይስማማውን እንደ ሕግ እንይዛለን?

አንድ የአገራችንን ምሳሌ ልጥቀስ። ጁገል ውስጥ ራምቦ ቤት ገብታችሁ የድሮዋን ሐረር ፎቶዎች ያያችሁ ትኖራላችሁ። ገጣሚው አርተር ራምቦ ግጥም ትቶ እዚህ ሐረር በነጋዴነት ሲሠራ ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በግንቦት 1883፣ በ28 ዓመቱ፣ ራሱን ያነሳቸውን ሦስት ፎቶዎች ለቤተሰቦቹ ላከ። አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱን በቡና ማሳ፣ አንዱን ደግሞ በሙዝ ተክል መካከል እጁን አጣጥፎ ነው የተነሳው። ማጠቢያው ውሃ መጥፎ ስለነበር ምስሎቹ መንጣታቸውንም ጽፎላቸዋል። ፎቶዎቹ ጥራት የላቸውም፤ ነገር ግን ሰውየው የት እንደሚኖርና በምን መካከል እንደሚውል ይናገራሉ። የእኔ ፎቶ ስለ እኔ ምን ይናገራል? የፎቶ ቤቱን ኮት ብቻ!

«ኮት ክብር ነው፣ ቀጣሪም ይወደዋል» የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው። ኮት ያለው፣ ልኩም የሆነ ይልበስ፣ ያምርበታል። እኔ የምለው የሌለው አይገደድ ነው። ቀጣሪው ፎቶውን አይቶ ሲጠራን በሩን የምንከፍተው እኛው ነን፤ ኮቱ እፎቶ ቤቱ ምስማር ላይ ቀርቷል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ለሥራ ብትጠሩ የምትለብሱትን ልበሱ። ከነጭ ይልቅ ሰማያዊ ወይም ሌላ ደርበብ ያለ ቀለም ምረጡ፤ መደቡ ነጭ ከሆነ ትከሻችሁ አብሮ አይጠፋም። በጣም ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ በዲጂታል ካሜራ ይንቀጠቀጣልና ይቅርባችሁ። ልኩ ካልሆነ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ዝለቁ፤ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ስሙን ያገኘው መኪና ግርግር እዚያው ነው። የራስን ሸሚዝ ትከሻ ማስጠበብ ኮት ከመግዛት በእጅጉ ይቀላል። ሻርፕ ለምታደርጉ እህቶቼም፣ በዓለም አቀፍ የፓስፖርት ፎቶ ደንብ እንኳ ፊት ከአገጭ እስከ ግንባር እስከታየ ድረስ ለሃይማኖት የሚደረግ መሸፈኛ ይፈቀዳል። አውልቁ የሚላችሁ ካለ ይህን ንገሩት።

ለኮሚቴውም አንድ ጥያቄ አለኝ። ማስታወቂያው ላይ «ጥቁር ኮት» የሚለው ተሰርዞ «ንጹህና ልክ የሆነ የራስ ልብስ» ቢባል ምን ይጎድላል? አባቶቻችን የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለዋል። እኔም በዚህ ዓመት ባለችኝ ሰማያዊ ሸሚዝ ልነሳ ወስኛለሁ። ለእናቴም «ዕቁቡን ለእህቴ አድርጊው» ብያታለሁ።