የመከላከያ ልብስ ለለባሹም ይታሰብለት

ክሎሪን የሚረጩትንና በሽተኛ የሚያነሱትን ልጆቻችንን በቀትር ያየ ሰው፣ ቱታቸውን ሲያወልቁ ከውስጥ የለበሱት በላብ ርሶ እንደሚጨመቅ ሳይታዘብ አይቀርም። አንዳንዱ ግን ‹‹ምን ሠሩና ነው ቶሎ ቶሎ የሚያርፉት?›› ይላል። ይህ አነጋገር ልክ አይደለም እንላለን።

የሰው ገላ የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ነው። ላስቲክ ቱታ ከውጭ ውኃና ደም አያስገባም፤ ከውስጥም ተን አያስወጣም። ላቡ ይፈሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ኢቦላ በምዕራብ አፍሪካ ከ11,000 በላይ ሰው ሲጨርስ፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሐኪሞችና ነርሶች ከሙቀቱ የተነሣ አንድ ሰዓት ያህል ሠርተው መውጣት ግድ ይሆንባቸው ነበር። በሽታው ከእኛም ሩቅ አይደለም፤ በ2022 እና በ2025 ዩጋንዳ ገብቶ ነበር። ራሱ የዞረበት ሰው ደግሞ ልብሱን ተጠንቅቆ ማውለቅ ያቅተዋል። ለበሽታ በጣም የሚያጋልጠውም ያው ማውለቁ ነው።

መላው ከተገኘ ቆይቷል። በ1969 አሜሪካዊው ቦብ ጎር ቴፍሎን የሚባለውን ፕላስቲክ በድንገት ስቦ ሲለጥጠው፣ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ቀዳዳዎች ያሉት ስስ ሽፋን ሆነ። ሜምብሬን ይሉታል። የውኃ ጠብታ አያልፍበትም፣ ተን ግን ያልፋል። ዛሬ ከፖሊኤቲሊን የሚሠራ ረከስ ያለም አለ፤ ስስ ጨርቅ ላይ ተለጥፎ፣ አንዴ ተለብሶ የሚጣል ቱታ ይሰፋበታል።

ይሁንና ላብ ያስወጣል የተባለ ሁሉ ቫይረስ ይከላከላል ማለት አይደለም። ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ እንኳ ቫይረስ ሊያሳልፍ ይችላል። ለዚህ የተለየ ፈተና አለ፤ ሰውን የማይጎዳ፣ ወደ 27 ናኖሜትር የሚሆን ቫይረስ ያለበት ፈሳሽ ጨርቁን በግፊት እየገፋ ማለፍ አለማለፉ ይታያል። ስፌቱም በቴፕ ካልታሸገ የመርፌው ቀዳዳ ይበቃል። ዕቃ የሚያስመጡ ክፍሎች ሁለቱንም ይጠይቁ፦ ቫይረስ ይከለክላል ወይ? ተንስ ያስወጣል ወይ? ለኮሌራና ለኢቦላም አንድ ዓይነት ልብስ አያስፈልግም።

ተን የሚሄደው እርጥበት ወዳነሰበት ነው። እንደ ካኩማና ዳዳብ ባለ ደረቅ አየር እንዲህ ያለው ልብስ በደንብ ይጠቅማል፤ ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አየሩ ሲወብቅ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ልብሱ ቢመጣም ባይመጣም ሥራው ጠዋትና ወደ ማታ ይሁን፣ ፈረቃው ይጠር፣ ጥላና የሚጠጣ ውኃ ይዘጋጅ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የብሎክ መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባ ያንሱልን።