ሁለት መርፌ ሰጥቼ ሁለት ተቀበልኩ

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡም ከቤት አላስወጣ ብሏል። ሰሞኑን ያገኘኋቸው ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ "ልጆቹን ከስልክ በምን እናላቃቸው?" እኔ ቤት የተገኘው መልስ የጨርቅ ቦርሳ መስፋት ነው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለዚሁ ነው። ወጉ ከልጅ ልጄ ተነስቶ ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላት እናቴ ዘንድ ይደርሳል። በመሃል የእኔ ጥፋት አለበት፤ እሱንም አልደብቃችሁም።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እጄን የት እንደማስቀምጠው ጠፍቶኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲወጋ፣ ቁስል ሲያጥብ፣ ፋሻ ሲጠቀልል የኖረ እጅ ባንድ ቀን "በቃህ፣ ዕረፍ" ቢሉት አይሰማም። ማድ ቤት ገብቼ ዕቃውን ሁሉ ቦታ እለዋውጣለሁ። ልጄ ልጇን ስትቆጣ መሃል ገብቼ እገላግላለሁ፤ ስታባብላት ደግሞ "አታሞላቅቂያት" እላለሁ። አንድ ቀን ልጄ መረራትና "እማዬ፣ በእግዚአብሔር፣ የሆነ ሥራ ፈልጊ" አለችኝ። ከፋኝ። መኝታ ቤቴ ገብቼ ቁም ሳጥኔን ስከፍት ነጭ ዩኒፎርሜ እንደተሰቀለ አየሁት። ሁለት ቀን አመነታሁ፤ በሦስተኛው ቀን መቀስ አነሳሁ።

ከዩኒፎርሜ የወጣችው የመጀመሪያዋ ቦርሳ ጉልት ድረስ በክብር ሄደች። ሁለት ኪሎ ድንች ሲጨመርባት ግን አንዱ ማንገቻዋ ተገንጥሎ ድንቹ ጭቃ ላይ ተንከባለለ። ነጋዴዋ እየሳቀች በፌስታል አድርጋ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ስፌቱን ሳየው ጥፋቱ ገባኝ፤ ማንገቻውን የሰፋሁት በአንድ መስመር ብቻ ነበር። ቁስል ሲሰፋ ጉተቱ ሁሉ በአንድ ክር ላይ እንዳይወድቅ ማከፋፈል እንደሚገባ የማውቅ ሴት፣ ለድንች ሲሆን ረሳሁት።

ይህ ከሆነ ስድስት ዓመት አለፈው። አሁን ጎረቤቶቼ ያረጀ መጋረጃና ጉልበቱ የተቀደደ ጂንስ ያመጡልኛል፤ የሰፈራችን ልብስ ሰፊም ቁርጥራጭ ያስቀምጥልኛል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ ደግሞ "ለእኔም አንድ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። አልሸጥም። ገበያ ካወጣሁት ደስታው ይሄድብኛል ብዬ ነው።

መሞከር ለምትፈልጉ አሠራሩ ይኸውላችሁ። ጨርቁን አስቀድማችሁ እጠቡና ተኩሱት። አቡጀዲና ሌላውም የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ያጥራል፤ ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ቦርሳው ይጣመማል። ከዚያ ወርዱ 42፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ ቁረጡ። ለምልክት ልብስ ሰፊዎች እንደሚያደርጉት ቀጭን የሳሙና ቁራጭ ይበቃል፤ ሲታጠብ ይለቃል። ጨርቁን ገልብጣችሁ በቁመቱ ለሁለት እጠፉት። ከሥሩ ስፌት ስለማይኖረው በዚያ በኩል አይተረተርም። ሁለቱን ጎኖች ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። አፉን መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ቀምቅሙት።

ለማንገቻ ወርዳቸው 10፣ ርዝመታቸው 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያስፈልጋሉ። እያንዳንዱን በወርዱ ለአራት አጥፋችሁ በሁለቱም ጠርዝ ስፉት፤ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወርድ ያለው ጠንካራ ማንገቻ ይወጣችኋል። ድንቼ የተበተነው እዚህ ጋ ነውና ልብ በሉ፦ ማንገቻው ከቦርሳው በሚጋጠምበት ቦታ ዙሪያውን በአራት ማዕዘን ስፉ፤ መሃሉን ደግሞ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በመስቀል አቋርጡት። ያኔ ሸክሙ ይከፋፈላል።

የስፌት መኪና ከሌላችሁ በእጅ ይሠራል። ክሩን ከአንድ ክንድ አታስረዝሙት፤ ረጅም ክር ይተበተባል። ጧፍ ላይ አንዴ ሳብ ብታደርጉት ደግሞ ይለሰልሳል። መርፌዋን ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ መልሳችሁ ወደ ፊት ብታወጧት ስፌቱ በቀላሉ አይፈታም። እንደኔ ከአርባው ያለፋችሁ ሁሉ የቅርብ መነጽራችሁን አድርጉ። ብርሃን ፈልጋችሁ ተቀመጡ፤ ግማሽ ሰዓት ከሰፋችሁ በኋላ ተነስታችሁ አንገታችሁንና ጣቶቻችሁን አፍታቱ። ሲሰፋ ሰዓት እንደሚረሳ ከራሴ ወገብ አውቀዋለሁ።

የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዘንድሮ የመጀመሪያ ቦርሳዋን ስትጀምር ከስፌት በፊት ያስተማርኳት መርፌ መቁጠርን ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል መርፌና ጎዝ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይቆጠራል፤ ቁስሉ ከመዘጋቱ በፊት ይቆጠራል፤ በመጨረሻም ይቆጠራል። ቁጥሩ ካልገጠመ የጎደለው ይፈለጋል እንጂ "ምን አልባት" ብሎ ነገር የለም። በእኔም ቤት ደንቡ ያው ነው። መርፌዎቻችን የሚሰኩባት አንዲት ትንሽ የጨርቅ ትራስ አለችን። ስንጀምር ቆጥረን ደብተር ላይ እንጽፋለን፤ ስንጨርስ ቆጥረን እንመልሳለን። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። በሳምንቷ ግን "አንድ ጎድሏል" ብላ እኔን አንበርክካ ምንጣፍ ያስፈተሸችኝ እሷው ነበረች።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። የልጅ ስፌት ጠማማ ነው። እጃችሁ "ልፍታውና ላስተካክለው" ይላችኋል። ተዉት። የማይተረተር ከሆነ ጠማማነቱ ማንንም አይጎዳም። እናንተ የፈታችሁትን ስፌት ልጁ ሁለተኛ አይሰፋውም።

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች አራት ዓመቷ ነው። የመርሳት በሽታ አለባት። በጉብዝናዋ ጊዜ ፈትሏ በሰፈሩ የታወቀ ነበር፤ ጥልፍም ትጠልፋለች። ስድስታችንን ስታሳድግ የትምህርት ቤት ልብሳችንን በእጇ ነው የሰፋችው። መርሳቱ ሲጀምራት አንድ ቀን የተኛችበት ትራስ ላይ መርፌ ተሰክቶ አገኘሁ። ሌላ ቀን መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ አየኋት። ነርስ ነኝና ለመወሰን አልዘገየሁም፤ መርፌዋን፣ መቀሷን፣ እንዝርቷን ሳይቀር ሰብስቤ ቆለፍኩባት። "እማዬ፣ ከእንግዲህ የዕረፍት ጊዜሽ ነው" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እማዬ መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። የነጠላዋን ጠርዝ በጣቶቿ ትዳስሳለች፤ ክር ትመዛለች፤ ታጥፋለች፤ ትፈታለች። አመሻሽ ላይ "ቤቴ ውሰዱኝ" እያለች ትቆጣለች። እኔ ሁሉንም ለበሽታው ሰጠሁት። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ቦርሳ ስሰፋ ዓይኗ ከእጄ ላይ እንደማይነሳ አይ ነበር፤ ምን እንደሚል ግን አልጠየቅሁትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ዕድር ነበረብኝና ቤቱን ለልጅ ልጄና ለቤት ሠራተኛችን ትቼ ወጣሁ። ስመለስ እማዬ መነጽሯን አድርጋ የልጅቷን ቦርሳ አፍ ትቀመቅማለች። መርፌ በእጇ!

ጮህኩ። አጯጯሄን ሳስታውሰው አሁንም አፍራለሁ። "ማን ነው መርፌ የሰጣት? ብትውጠውስ?" ልጅቷ ደነገጠች፤ ግን አላለቀሰችም። ደብተሩን አምጥታ አሳየችኝ። በእርሳስ "እምዬ፣ 2 መርፌ፣ 4 ሰዓት" ተብሎ ተጽፏል። "እማማ፣ ከአጠገቧ አልተነሳሁም። አንዱ ይኸው፣ ሌላው እጇ ላይ ነው" አለችኝ። እማዬ በጩኸቴ ቀና ብላ "ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?" አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ስትጨርስ ክሩን ቋጠረች፤ መርፌዋን ለልጅቷ አቀበለቻት። ልጅቷም ከደብተሩ ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ሁለት መርፌ ሰጥቼ ሁለት ተቀበልኩ።"

ስፌቱን ወስጄ አየሁት። አንዱ ከአንዱ እኩል ነው። ቁርሷን ምን እንደበላች የማታስታውስ ሴት ከእኔ አሳምራ ቀምቅማለች። በጡረታዬ ሰሞን እኔን የከፋኝን ነገር እናቴ ላይ አደረግሁት ማለት ነው። እኔስ ቢያንስ መቀስ ማንሳት እችል ነበር፤ እሷ ግን የቁልፉ ባለቤት አልነበረችም።

በሙያዬ የማውቀውን በቤቴ ረስቼው ኖሯል። የመርሳት በሽታ ብዙ ዓይነት አለው። በብዛት የሚታየው አልዛይመር የሚባለው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 ምልክቶቹን ለባልደረቦቹ ከገለጸው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። በዚህ በሽታ አስቀድሞ የሚጎዳው አዲስ ነገር የምንይዝበት ችሎታ ነው። እጅ ከልጅነት ጀምሮ የለመደው ሥራ ግን፣ መፍተሉ፣ መስፋቱ፣ ቡና መቁላቱ፣ አንጎል ውስጥ የሚያዘው በሌላ መንገድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጠፋው። መስፋት መድኃኒት ነው እንዳላልኩ ግን ያዙልኝ። በሽታውን አያቆመውም። እማዬ አሁንም አመሻሽ ላይ "ቤቴ ውሰዱኝ" ትላለች። ነገር ግን በሰፋችበት ቀን የነጠላዋን ክር ስትመዝ አላየኋትም።

ቤታችሁ እንዲህ ያለ አረጋዊ ካለ እኛ አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። የምትሰፋው ጠዋት ነው፤ ወደ ማታ ግራ መጋባቱ ይብሳል። ከሃያ ደቂቃ አናስበልጥም። ጫፏ ደነዝ፣ ቀዳዳዋ ሰፊ የሆነ መርፌ መርጠን ክሩን እኛው እናስገባላታለን። ክሩ ከጨርቁ ቀለም የተለየ ይሆናል፤ ለዓይኗ ይቀላታል። እስክትጨርስ አንድ ሰው ከአጠገቧ አይነሳም። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት ለጀመረ ሰው ግን መርፌ አይሰጥም። ለእሱ ጨርቅ ማጠፍና ክር መጠቅለል አለለት፤ እሱም ሥራ ነው።

የወደቀ መርፌ ነገር ደግሞ ችላ አይባልም። የቆየ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ሊደነዝዝና መርፌ ረግጦ ሳይሰማው ቀኑን ሊውል ይችላል። ስለዚህ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በክር አስራችሁ፣ ስፌት ባለቀ ቁጥር ወለሉ ላይ ጎትቱት። መርፌ እግር ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ አትቆፍሩት፤ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የቴታነስ ክትባትም ጠይቁ። ልጅም ሆነ አዋቂ መርፌ ከዋጠ አታስታውኩት፤ በሙዝ ወይም በዳቦ ይወርዳል ብላችሁም አትጠብቁ። ምንም ሳታበሉ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ቁልፍና ዶቃም ከሕፃናት ይራቅ።

ቦርሳዋ አሁን በሩ አጠገብ ተሰቅላለች። እማዬ ባለፈች ቁጥር ታወርድና አገላብጣ ታያታለች።

"ይቺን ማን ሰፋት?"

"አንቺ ነሻ፣ እማዬ።"

"እኔማ አይደለሁም" ትላለች። ከዚያ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ ታሳርፍና፣ "እዚህ ጋ ክሩን ትንሽ ስባዋለች። ቢሆንም ባለሙያ ናት" ትለኛለች።

ትናንትም አለችኝ፤ ዛሬ ጠዋትም አለችኝ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።