ስም ያልወጣላቸው የደን እንጉዳዮች

ሽንዲ፦ የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ሲያርስ በኩይሳ ዙሪያ፣ በበሰበሰ ግንድ ላይና በቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥላ ሥር እንጉዳይ ብቅ ይላል። የሀገሬው ሰው የሚበላውን ለይቶ ይለቅማል፤ የማያምነውን "የጅብ ጥላ" ብሎ ይተወዋል። ይህ ልየታ ከወላጅ ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን በጽሑፍ አልሰፈረም።

በእንግሊዝ የሚገኘው የኪው ንጉሣዊ የዕፅዋት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት፣ እንጉዳዮችን የሚያካትተው የፈንገስ ዓለም 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ዝርያዎች እንዳሉት ገምቷል። ሳይንሳዊ ስም የወጣላቸው ግን 155 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው።

በሀገራችን ጥናቱ ገና ጅምር ላይ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከስፔኑ ቫያዶሊድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር በወንዶ ገነት ደን ያካሄዱትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017፣ በቤተ ክርስቲያን ደኖች እንጉዳዮች ላይ የሠሩትን ደግሞ በ2021 አሳትመዋል።

አዲስ ዝርያ ተገኘ ለማለት ማየት ብቻ አይበቃም። ተመራማሪው የባርኔጣውን ቅርጽና ቀለም፣ ከሥሩ ያሉትን ስስ ንጣፎች፣ የግንዱን ቀለበት ይመዘግባል። ባርኔጣውን ወረቀት ላይ አሳድሮ እንደ ዘር የሚያገለግለውን የብናኝ ቀለም ያያል፤ ብናኙን በማይክሮስኮፕ፣ ዘረ መሉን በላቦራቶሪ ይመረምራል። ከታወቁት ሁሉ የተለየ ከሆነ የደረቀው ናሙና በቋሚ የናሙና ማኅደር ይቀመጣል፤ ገለጻው ይታተማል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ አዲሱ ስም በዓለም አቀፍ መዝገብ ካልሰፈረ አይጸናም።

ጉዳዩ አርሶ አደሩን የሚነካው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ደኑ ነው። ብዙ እንጉዳዮች ከተወሰኑ ዛፎች፣ ከበሰበሰ እንጨት ወይም ከምስጥ ጋር ተሳስረው ይኖራሉ። ነባሩ ደን ተመንጥሮ በባሕር ዛፍ ሲተካ ስም ሳይወጣላቸው የሚጠፉ ይኖራሉ። ሁለተኛው ጤና ነው። በግብርና ኮሌጅ ስንማር ያተኮርነው በገለባ ላይ በሚመረተው ኦይስተር እንጉዳይ ላይ ነበር፤ የጫካው ግን ሌላ ነው። የአንዳንዱ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም፤ ሕመሙም ከሰዓታት በኋላ ጀምሮ ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። ከብት ወይም ነፍሳት በሉት ማለትም ለሰው ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ በእርግጠኝነት ያልታወቀ እንጉዳይ አይበላ፤ የበላ ሰው ካለም ምልክት ሳይጠብቅ፣ የተረፈውን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

ተመራማሪ በየዓመቱ ወደየቀበሌው መድረስ አይችልም። እረኛውና ለቃሚዋ እናት ግን በየክረምቱ እዚያው ናቸው። የት፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደበቀለና ምን ተብሎ እንደሚጠራ ከፎቶግራፍ ጋር ተመዝግቦ በግብርና ባለሙያዎች በኩል በአቅራቢያ ላሉት ለደብረ ማርቆስና ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ቢደርስ ምርምሩ ከባዶ አይነሳም። አረጋውያኑ የሚያውቁት ሳይጻፍ፣ ደኑም ሳይጠና ካለፈ ግን ኋላ ቆጭቶ የሚመልሰው የለም።