የጭስ ዋጋ

ባለፈው አረፋ ኩታበር ስገባ የአክስቴ ልጅም ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ቡና እየተቆላ ከኪሱ የቆዳ ማኅደር አወጣ። ውስጡ ሁለት ሲጋር። ሲጋራ አላልኩም፤ ሲጋር። «ኮሂባ ነው፣ ቤሂኬ። ኦርጅናል የኩባ» አለኝ። የአንዱን ፍሬ ዋጋ ሲነግረኝ አክስቴ ሰማች። ቡናውን ማመስ አላቋረጠችም፤ «ጉድ ነው» ብቻ አለች።

እኔ ግን በ«ጉድ ነው» የማልፈው ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ ለሲጋር የሚገባውን እንስጠው። ሱቅ በፍሬ እንደምንገዛው ኒያላ ከማሽን የሚወጣ ነገር አይደለም። ከውስጥ የሚሞላው፣ እሱን የሚያስረውና ከላይ የሚለብሰው ቅጠል የተለያየ ነው። ቅጠሉ ታምቆ ይብላላል፣ ለዓመታት ይቀመጣል፣ ከዚያ በእጅ ይጠቀለላል። ሃቫና ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ጠቅላዮቹ እየሠሩ ጋዜጣና ልብ ወለድ ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ሰው አለ። «ሞንቴ ክሪስቶ» የሚባለው ሲጋር ስሙን ያገኘው ከአሌክሳንደር ዱማ ልብ ወለድ ነው። ይሄን ሳውቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ።

ግን የምትከፍለው ለዚህ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የኩባ ሲጋሮችን ለዓለም የሚሸጠው ሃባኖስ የኮሂባን ዋጋ በሆንግ ኮንግ ገበያ ልክ በየአገሩ ሰቀለው። ቅጠሉ በአንድ ሌሊት አልጣፈጠም። የጠቅላዩ እጅም በአንድ ሌሊት አልተባረከም። የተጨመረው ገንዘብ የገዛው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላው ሰው እንዳይችለው ማድረግን። ኮሂባ ራሱ በ1966 ሲጀመር ለፊደል ካስትሮና ለእንግዶቻቸው የሚጠቀለል ነበር። ካስትሮ ግን በ1985 ማጨስ አቆሙ። ባለቤቱ የተወውን እኛ ጀመርነው ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ መልስ አላጣም። «ጭሱን አትቁጠር፤ የምገዛው ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ከጓደኛ ጋር ረጋ ብዬ እቀመጣለሁ» አለ። እንዴ! ይሄን የሚለው እኮ የወሎ ልጅ ነው፤ እጣን እየጨሰ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ግማሽ ቀን በሚያልፍበት ቤት ተቀምጦ! ረጋ ብሎ መቀመጥን ከሃቫና በዶላር ማስመጣት ምን የሚሉት ነው? ደግሞ አያታችን ጋያ ሲያጨሱ «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያፍርባቸው እሱ ነበር። ትምባሆው ያው ትምባሆ ነው። ጭሱን ወደ ሳንባ ባትስበውም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፤ በውድ የተገዛ ነው ብሎ አይምርህም።

«ደሃ ደስ አይበለው ወይ? ምቀኛ ነህ» የሚለኝ ይኖራል። ደስ ይበለው! በላብህ ያገኘኸውን ብትፈልግ አቃጥለው፤ ዳኛህ አይደለሁም። ግን እኛ ሰፈር ብር ብዙ ጊዜ ሌላ ባለቤት አለው። የእሱ እህት ጅዳ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እንደ እሷ ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ በወር 1,000 ሪያል ገደማ ይከፈላቸዋል፤ ወደ 266 ዶላር ነው። ቤሂኬ በብዙ ገበያ አንዱ ፍሬ ከ100 ዶላር ይበልጣል። የአንድ ወር ጉልበቷ ከሲሶ በላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ አመድ። አዲስ አበባ የከፈተው ሱቅ የተነሣው እሷ በላከችው ብር መሆኑን ኩታበር ውስጥ የማያውቅ የለም።

ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ እሱ አንዱን ለኩሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። የአክስቴ ስልክ ጠራ፤ ኢሞ ላይ ልጅቷ ናት። አክስቴ ስልኩን ወደ እሱ አዞረችው። «ወንድሜ፣ እንኳን አደረሰህ! ብሩ ደረሰ?» አለች።

ደርሷል አላት። ሲጋሩን ግን ከጀርባው ደብቆት ነበር።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ለሚለው ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ዋጋውን የሚያወጣ ነገር ከከፈለው ሰው አይደበቅም።